ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ

ለንስሐ አባቴ በስልክ ስናዘዝ ጾም መግደፌን ተናግሬአለሁ። ሰው ማማቴን ተናግሬአለሁ። የማዳም ልጆች የደበቁትን ቸኮላት መብላቴን ሳይቀር ተናግሬ፣ አባ ከስልኩ ወዲያ ሳቃቸውን ሲያፍኑ ሰምቻለሁ። ይህችን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አፌ ላይ ስትደርስ እውጣትና ስለ ቸኮላት አወራለሁ። እስከ ትናንት ድረስ ከእኔ አፍ የሰማት ፍጡር አልነበረም። ዛሬ ለእናንተ እጽፋታለሁ፤ ለመፍረድ አትቸኩሉ፣ ለማዘንም አትቸኩሉልኝ።

አባ ኃጢአት በደፈናው አይነገርም፣ በስሙ ይጠራል ይላሉ። እንግዲህ በስሙ ልጥራው። የአንዲት ልጅ ደረት ላይ መዋል የነበረበትን የሙቀት መለኪያ ከኤሲ ሞተር ጀርባ ያስቀመጥኩ እኔ ነኝ። ነገሩ ሲደረስበት ጥፋቱን በልጅቷ ላይ ያላከክኩም እኔ ነኝ።

ስሜ አስካለ ነው። ኩዌት ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ አሥራ አንዱንም አርዲያ ውስጥ አንድ ቤት ሠርቼአለሁ። ሦስት ልጆች እዚህ ቤት አሳድጌአለሁ። ማዳሜ ስትቆጣ ትጮሃለች፣ ስትበርድ ሽቶ ትሰጠኛለች፤ ክፉ ሰው አይደለችም። ክፍሌ ታች፣ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ነው። ኤሲ አለው፣ በር አለው፣ የበሩ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው። ይህን የምነግራችሁ ልኩራራ ብዬ አይደለም። ያደረግኩትን ስሠራ ሙቀት አናቴ ላይ ወጥቶ አላሳበደኝም። ቀዝቀዝ ብዬ፣ አስቤበት ነው የሠራሁት።

የማዳም ታናሽ እህት ዶክቶራ ኑራ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። የምታስተምረው ስለ አየር ንብረት ለውጥ ነው። እንግዳ ስትሆን ሳሎን አትቀመጥም፤ ቀጥታ ወጥ ቤት ትገባና ከድስቱ እየቀመሰች ታወራኛለች። አንድ ቀን በዚህ ቤት ከሁሉ የሚሞቀው የት ነው ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ሳቄ መጣና፣ ዶክቶራ፣ ቤቱን ተይው፣ ሰጥሁን ጠይቂ አልኳት። ሰጥህ የሚሉት ጠፍጣፋውን ጣሪያ ነው። የውሃ ታንከሩ፣ የልብስ ማጠቢያው፣ የኤሲዎቹ የውጭ ሞተሮች ሁሉ እዚያ ላይ ናቸው፤ በአንዳንድ ቤት የሠራተኛዋም ክፍል እዚያው ነው። ዶክቶራ ማንኪያውን አስቀምጣ ተከትላኝ ወጣች። ከዚያ ነው ነገሩ የተጀመረው።

ልትሠራ የፈለገችው በመነጽር የሚታይ ፊልም ነበር። ዓይንን ድፍን አድርጎ የሚይዝ ትልቅ መነጽር ነው። ስታደርጉት ከቆማችሁበት አዳራሽ ትጠፉና ሌላ ቦታ ትገኛላችሁ፤ ስትዞሩ ዙሪያችሁ ይዞራል፣ ቀና ስትሉ ሰማይ አለ። ከእግራችሁ ሥር ደግሞ ትኩስ አየር የሚነፋ ነገር ታስቀምጣለች። በሙቀት የሚሠሩ ሴቶች በገዛ ድምፃቸው ቀናቸውን ይነግሯችኋል። መነጽሩን ስታወልቁ ግድግዳው ላይ የዚያች ሴት ሙቀት ቀን በቀን እንደተለካው በመስመር ተስሎ ታገኙታላችሁ። ቁጥሩን ብቻ ሳሳያቸው ያዛጋሉ ትል ነበር ዶክቶራ፤ ታሪኩን ብቻ ስነግራቸው አልቅሰው እቤታቸው ሲደርሱ ይረሱታል፤ ሁለቱን አብሬ ስሰጣቸው ግን የሚሸሹበት አይኖራቸውም። እኔ ይህን አባባሏን ቃል በቃል ይዤው ነበር። ለሴቶቹም እንደራሴ አድርጌ ነገርኳቸው።

ሴቶቹን የሰበሰብኩ እኔ ነኝ። ፋርዋኒያ ውስጥ ጥቂት ልጆች ተጋርተው በተከራዩት ቤት አርብ አርብ እንገናኛለን፤ ከጸሎቱ በኋላ ተናግሬ አምስት ፈቃደኛ አገኘሁ። መለኪያው የክብሪት ቀፎ ያህላል፤ ልብስ ላይ፣ ደረት ጋ በመርፌ ቁልፍ ይያዛል። ሕጉ አጭር ነበር። ሁለት ሳምንት ከሰውነት አይለይም፤ ስትተኚ ትራስ አጠገብ ይሁን፤ በየቀኑ የዋልሽውን በድምፅ ለአስካለ ላኪ። እኔ ወደ ዐረብኛ መልሼ ለዶክቶራ እሰጣለሁ። ሁለቱን ሳምንት ያልሞላ መለኪያ ፊልሙ ውስጥ አይገባም። ዶክቶራ ለሥራ ባልደረቦቿ ስታስተዋውቀኝ፣ ይህች ረዳቴ አስካለ ናት አለቻቸው። ኩዌት ከመጣሁ ጀምሮ ማንም እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ያ ቃል አናቴ ላይ ወጣ፤ ከአምስቱ ሴቶች ፊት ስቆም አንገቴ አልታዘዝ እያለኝ ነበር።

ከአምስቱ አንዷ ዝናሽ ናት። የወሎ ልጅ ናት፤ ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። የምትሠራው ከእኛ ቤት ትይዩ ነው። ሰጥሃችን ፊት ለፊት ስለሆነ ልብስ ስናሰጣ በእጅ ምልክት እናወራለን፤ እኔን እታለም ብላ ነው የምትጠራኝ። ክፍሏ እዚያው ሰጥህ ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ነበረች። በሯ ቆርቆሮ ነው። ውስጥ ያለው አሮጌ ኤሲ እሷ ስትመጣም አይሠራም ነበር። ከበሩ ፊት ለፊት የቤቱ ኤሲዎች ሞተሮች ተደርድረው ትኩስ ትንፋሻቸውን ይተፉበታል። ዶክቶራ እንዳስረዳችን ቤቱ ታች የሚቀዘቅዘው ሙቀቱን አውጥቶ ላይ እየጣለ ነው፤ ሲሚንቶው ደግሞ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ከመሸ በኋላ ነው የሚመልሰው። በጋው በየዓመቱ እየረዘመ ሲሄድ ሰጥህ ላይ የሚተኛ ሰው የሚያርፍበት ሰዓት አያገኝም። ዝናሽ ይህን ሁሉ ያለ ትምህርት ታውቀው ነበር። አንሶላ በውሃ ነክራ በሯ ላይ ትሰቅላለች፤ አንሶላው ሲደርቅ ተነስታ ደግማ ትነክራለች።

የአምስት ቀን ድምፅ ላከችልኝ። እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ። በመጀመሪያው ቀን በፀሐይ የጋለው የልብስ መቆንጠጫ ጣቴን ላጠኝ አለች። በሁለተኛው፣ ቀዝቃዛው ቧንቧ ስለሚያቃጥላት ጠዋት ባልዲ ሞልታ እንደምታስቀምጥና በእሱ እንደምትታጠብ ነገረችኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ ያለችው ነው ከሁሉ የሚበልጥብኝ። "እታለም፣ ሲብስብኝ ወጥ ቤት ወርጄ ፍሪጁን እከፍትና ትንሽ ቆም እላለሁ። ማዳም ምን ፈለግሽ ስትለኝ ቲማቲም እላታለሁ። ዛሬ አራት ጊዜ ቲማቲም ፈለግኩ።" ብላ ሳቀች። ያን ለዶክቶራ ስተረጉምላት ሳቀች፤ ቀጥላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ፊልሙ የሚከፈተው በዝናሽ ድምፅ ነው አለችኝ።

ዶክቶራ ሌላም ነገር አለች፤ እንዳትረሱት እለምናችኋለሁ፤ ጥፋቴ የሚመዘነው በዚህ ነው። ፊልሙ ሲከፈት የዝናሽን ማዳም ጋብዛ መነጽሩን ልታደርግላት አስባ ነበር። እንኳን እሷ፣ ማንም ሰው የገዛ ሰጥሁ ላይ ቆሞ የገዛ ሠራተኛውን ድምፅ ቢሰማ ይለሰልሳል አለች። ከዚያ እኔ ራሴ እለምናታለሁ፤ ታች ያለውን የዕቃ ክፍል ለልጅቷ እንድትሰጣት አደርጋለሁ አለችኝ። ቃል ገባች። እኔም ለዝናሽ ነገርኳት። ዝናሽ ከሰጥሃቸው ላይ ሆና ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችልኝ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ ጠብቃ አገኘችኝ። መለኪያውን በፌስታል ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረችው። "እታለም፣ ማዳም አየችብኝ። ካሜራ ነው አለች። ይቅርብኝ፣ ለሌላ ሰው ስጪው። ድምፅም አልልክም፣ ስልኬን ታያለች።" አለችኝ። እኔ ደግሞ አታስቢ፣ ለእኔ ተይው አልኳት። እሷ ለእኔ ተወችው።

ያን ጠዋት ምን ማድረግ እንደነበረብኝ ታውቃላችሁ። እኔም አውቅ ነበር። ስልክ አንስቼ፣ ዶክቶራ፣ ዝናሽ ከአምስት ቀን በላይ መያዝ አልቻለችም ማለት ብቻ ነበር። የምትረዳ ሴት ናት። ምናልባት አምስቱም ይበቃል ትለኝ ነበር። ታዲያ ለምን አልደወልኩም? ለዝናሽ ብዬ ነው እል ነበር ለራሴ፤ ታች ያለው ክፍል እንዳያመልጣት ብዬ ነው። ውሸቴን ነው። ወይም ግማሹ ውሸት ነው። ረዳቴ አስካለ የተባለችው ሴት አልተሳካልኝም ብላ መደወል አልወደደችም። የዝናሽ ታሪክ ፊልሙን ሲከፍት ዐረብኛውን የማነበው እኔ ነበርኩ፤ የእኔም ድምፅ እንዲከፍተው ፈልጌ ነው።

መጀመሪያ መለኪያውን ክፍሌ ውስጥ ላስቀምጠው አስቤ ነበር። ቀዝቃዛ ነው፣ አይሆንም። ከዚያ የኛ ሙያ ትዝ አለኝ። እዚህ አገር ያለች ሠራተኛ ሁሉ ታውቀዋለች፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ሳይደርቅ ሲያድር ከኤሲው የውጭ ሞተር ጀርባ ይሰቀላል፤ አባታችን ሆይን ደግመሽ ሳትጨርሺ ኮሌታው ይደርቃል። የዝናሽን መለኪያ እዚያ አሰርኩት። ሰጥሃችን ላይ፣ ከሞተሩ ጀርባ፣ በልብስ መቆንጠጫ። ዘጠኝ ቀን እዚያ ዋለ፣ እዚያ አደረ። በየጠዋቱ እየወጣሁ አለመውደቁን አያለሁ። ፊት ለፊት ዝናሽ ልብስ ስታሰጣ እጇን ታነሳልኛለች፤ እኔም አነሳላታለሁ።

ድምፅም ፈጠርኩ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ ዝናሽ እንዲህ አለች እያልኩ በዐረብኛ ጻፍኩ። የተወሰነው እውነት ነው፣ በዓይኔ የማየው ስለነበር። ለአንድ ቀን ግን ታሪኩ ቀዘቀዘብኝና፣ ዛሬ ማጠቢያው ጋ ወደቅኩ ብላለች ብዬ ጻፍኩ። አልወደቀችም። ያኔ አልወደቀችም። መጀመሪያ የጣልኳት እኔ ነኝ፣ በብዕሬ።

ፊልሙ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ከተማ ውስጥ ወደሚታይበት አዳራሽ ሄድኩ። ዶክቶራ መነጽሩን አደረገችልኝ። በኮምፒውተር በተሠራው የዝናሽ ሰጥህ ላይ ቆምኩ፤ ታንከሩ በግራዬ፣ ሞተሮቹ ከፊቴ፣ የቆርቆሮው በር፣ እርጥቡ አንሶላ። የዝናሽ ድምፅ በጆሮዬ፣ አራት ጊዜ ቲማቲም ፈለግኩ እያለች። ከእግሬ ሥር ትኩሱ ሲነፋ ሳላውቀው እግሬን አነሳሁ። ቀጥሎ የእኔ ድምፅ መጣ፤ ያነበብኩትን ስሰማው አማረልኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አለቀስኩ። የገዛ ውሸቴን ሰምቼ አለቀስኩ።

መነጽሩን ሳወልቅ የዶክቶራ የሥራ ባልደረባ የሆነ አንድ ሸምገል ያለ መሐንዲስ ሻይ ይዞ ግድግዳው ፊት ቆሟል። የዝናሽን መስመር ነው የሚያየው። ብዙ ቆየ። ከዚያ በጣቱ እያሳየ ቀስ ብሎ ተናገረ። "እዚህ አምስት ቀን ውስጥ ሰው አለ። ይኸው ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ እዚህ ጋ የሆነ ቀዝቃዛ ነገር ፊት ቆማለች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ጊዜ። ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ ግን ሰው የለም። በየጥቂት ደቂቃው እኩል ይነሳል፣ እኩል ይወርዳል፤ ሌት ተቀን አይለወጥም። ይህ የኤሲ ሞተር ነው። ሲበራና ሲጠፋ።"

አራቱን ቲማቲም አገኛቸው። እዚያ ግድግዳ ላይ ነበሩ፣ በመስመር፤ ዝናሽን አይቷት የማያውቅ ሰውዬ አያቸው።

ዶክቶራ ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም። "አስካለ፣ መለኪያው ዝናሽ ላይ ነበር?" አለችኝ።

የሚፈለግብኝ አንዲት መስመር ነበረች። ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ እኔ ነኝ። በቃ። ይህን ብል አምስቱ ቀን ይተርፋል፤ የዝናሽ ድምፅ ይተርፋል፤ ቃሉ ይተርፋል። እኔ አፍር ነበር፤ ምናልባት ማዳም ትሰማ ነበር፤ ምናልባት ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አይታደስም ነበር። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩትና፣ "እኔ ለእሷ ሰጥቻታለሁ ዶክቶራ። ምን እንዳደረገችው አላውቅም።" አልኩ።

ሰጥቻታለሁ ያልኩት እውነት ነው። አያችሁ ተንኮሌን? ሰው ሲዋሽ ሙሉ በሙሉ አይዋሽም፤ ከፊት ትንሽ እውነት ያስቀድማል። አስካለ ለዝናሽ መለኪያ ሰጥታለች፤ ማን ይክዳል?

ዶክቶራ "አምኛት ነበር" አለች። የዝናሽን ድምፅ ከፊልሙ አወጡ፣ የዝናሽን መስመር ከግድግዳው አነሱ፤ ሰጥሁን የሚያሳየውም ቀረ። አንድ ቁጥር ሐሰት ከሆነ ሌሎቹንም ማንም አያምንም አለች፤ ልክ ናት። ፊልሙ በሌላ ሴት ተከፈተ። የዝናሽ ማዳም አልተጠራችም። የእኔ ስም ግን ከመግቢያው አጠገብ፣ ረዳት በሚለው ሥር፣ እንደተጻፈ ነበር። ሰዎች ፎቶ አንሺልን ሲሉኝ አንስቼላቸዋለሁ።

ለዝናሽ ፊልሙ ረዘመና የአንቺ ክፍል ተቆረጠ አልኳት። ስለ ታችኛው ክፍል ስትጠይቀኝ ዶክቶራ ሥራ በዝቶባታል አልኳት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው ምን ዓይነት ስንቅ እንደሆነ አላውቅም፣ በየቀኑ እጨምርበት ነበር።

ከዚያ በጋው በረታ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ሰጥሃችን ላይ ሆኜ ዝናሽን አጣኋት። አንሶላው ደርቆ በሩ ላይ ይወዛወዛል፣ ማንም አይነክረውም። የጎረቤት ሹፌር ነው የነገረኝ፤ ማጠቢያው ጋ ወድቃ ሆስፒታል ወስደዋታል። ማጠቢያው ጋ። እኔ የጻፍኩበት ቦታ ላይ። ሐኪሞቹ ኩላሊቷ ተጎድቷል አሉ፤ ከእንግዲህ በሙቀት መሥራት አትችልም አሉ። ማዳሟ ትኬት ቆርጣ ሸኘቻት።

ልትሄድ ስትል በራችን ድረስ መጣች። ፊቷ አብጧል፤ ሻንጣዋን ሹፌሩ ይዞላታል። እኔ ሻርፕ ገዝቼ ጠብቄአታለሁ። ሻርፑን ተቀበለችና እጄን ይዛ ሳመችው። "እታለም፣ አንቺማ ለእኔ ያላደረግሽው የለም" አለችኝ። እኔ ምን አልኩ? ጉዞሽ የቀና ይሁን አልኩ። ያንንም ስናዘዝ ዘልዬዋለሁ።

እሷ ከሄደች በኋላ አቧራ በዛ የሚል ሰበብ ፈጥሬ ማዳምን ለመንኳትና ማጠቢያውንና የልብስ ማስጫውን ገመድ ከሰጥህ ወደ ጓሮ አወረድኩ። ሁለት ዓመት እዚያ ላይ አልወጣሁም። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም፤ እኔ አውቄ ተኝቼ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ዶክቶራ ኑራ ደወለች። ሁለተኛ ፊልም ልትሠራ ነው። አስካለ፣ ሴቶቹን አንቺ ሰብስቢልኝ፣ አንቺን አምናለሁ አለችኝ። እኔም ከልማዴ እሺ አልኩ። ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ እንደዚያች ልጅ ያለች ብቻ እንዳታመጪብኝ አለች። ስሟን እንኳን አልጠራችም። ያቺ ልጅ።

እኔ ነኝ ስሟን የወሰድኩባት። በአንድ ሳይንቲስት አእምሮ ውስጥ ዝናሽ ቁጥር የምታጭበረብር ልጅ ሆና ትኖራለች፤ ከእነ አራቱ ቲማቲሞቿ፣ ከእነ ባልዲዋ። እውነት የተናገረችውን ልጅ ውሸታም ያደረግኳት እኔ ነኝ። የሚያበግነኝ ደግሞ ዶክቶራ መስመሩን በማንሳቷ ትክክል መሆኗ ነው። እኔ የዋሸሁት እውነት ስለነበረ ነገር ነው። ያ ክፍል እንደ እሳት ነበር። መጨመር አያስፈልገውም ነበር። አምስት ቀን በቂ ነበር። የጎደለውን ላሟላ ብዬ ያለውን ደመሰስኩ።

ያን ቀን ሥራ አልሠራ አለኝ፤ ወጡ አረረ፣ ማዳም ጮኸች። በነጋታው ቁጭ ብዬ ወሰንኩ። መጀመሪያ መስማት ያለባት ዶክቶራ አይደለችም፤ አባም አይደሉም። ትናንት ለዝናሽ በድምፅ ላክሁላት። አላለቀስኩም፣ ማልቀስ ሰው ማግባባት ይሆንብኛል። መለኪያውን የት እንዳስቀመጥኩ፣ ስንት ቀን፣ ለምን፣ ዶክቶራ ስትጠይቀኝ ምን እንዳልኩ፣ ታች ያለው ክፍል በማን እንደቀረባት፣ አንዱንም ሳልዘል ነገርኳት። አንቺን እንደከሰስኩ ነገርኳት። ይቅር በይኝ አላልኳትም።

መልስ ሳይመጣ አደረ። ዛሬ ጠዋት መጣ። አሥር ሰከንድ እንኳን አይሞላም። ድምጿ ቀጥኗል።

"ሰማሁሽ እታለም። የእኔን ተይው አሁን። ያቺ ክፍል ውስጥ አሁን ማን ነው የሚተኛው?"

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አያችሁ? ሁለት ዓመት ስለ ራሴ ነፍስ ሳስብ፣ ስናዘዝና ስዘል፣ ይህችን ጥያቄ አንድ ቀን እንኳን አልጠየቅኩም። ኩላሊቷ የተጎዳባት ልጅ ጠየቀችው።

ስልኩን ኪሴ ከትቼ ሰጥህ ላይ ወጣሁ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው፤ በሩን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን ገፋኝ። ሞተሮቻችን ይጮኻሉ። ከፊት ለፊት ቆርቆሮው በር እዚያው ነው። በሩ ላይ የረጠበ አንሶላ ተሰቅሏል። ማንም አላስተማራትም፣ ራሷ ደርሳበታለች። ቆየት ብሎ አንሶላውን ገልጣ አንዲት ልጅ ወጣች፤ ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሳለች፤ የየት አገር ልጅ እንደሆነች አላውቅም፣ ስሟን አላውቅም። ባልዲ ይዛለች። አየችኝና እጇን አነሳችልኝ።

እኔ እጄን አላነሳሁም። ከሁለት ዓመት በፊት ያነሳሁት እጅ ነው፤ ለሰላምታ አይበቃም። ወርጄ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ዶክቶራ ኑራ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች፤ ስለ አዲሱ ፊልም ልትነግረኝ። እንደ ልማዷ ሳሎኑን አልፋ ወጥ ቤት ትገባለች፣ ማንኪያ ትፈልጋለች። የዝናሽን የአምስት ቀን ድምፅ ስልኬ ላይ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። መስመሩን እንኳን ከግድግዳው ቢያነሱት መሐንዲሱ ያስታውሰዋል፤ አራት ጊዜ ቀዝቃዛ ነገር ፊት የቆመች ሰው አይረሳም። ምናልባት ዶክቶራ ከእንግዲህ ረዳቴ አትለኝ ይሆናል። ምናልባት ማዳም ኢቃማዬን ትሰርዝ ይሆናል፤ ሻንጣዬ አልጋዬ ሥር ነው፣ አይከብድም። ይህ ያስፈራኛል፣ አያስቆመኝም።

ከእናንተም ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅርታ ባገኝ ክፍሌ ገብቼ፣ ኤሲዬን ከፍቼ ደህና እተኛለሁ፤ ራሴን ደግሞ አውቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ አልነሳም። ስለዚህ ይቅርታችሁን ለጊዜው ያዙልኝ። ዶክቶራ በሩን ስትከፍት የምላትን ከአሁኑ አጥንቼዋለሁ፤ በዐረብኛ፣ ግማሽ እውነት ሳላስቀድም። ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ እኔ ነኝ። አምስቱ ቀን የዝናሽ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ አሁንም ሰው አለ፤ ነይ ላሳይሽ።